ከፋሲካ በኋላ የተመለሰው 5 ኪሎ፦ ከዜሮ ልጀምር ወይ?

ጥያቄው፦ «የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ሐዋሳ ነው፤ ሥራዬ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነው። ቁመቴ 1.63 ሜትር ነው። ጥር ላይ 88 ኪሎ ነበርኩ። እንጀራና ስኳር አቁሜ፣ ዐቢይ ጾምንም ጾሜ፣ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር አንድ ሰዓት እየተራመድኩ ለፋሲካ 79 ገባሁ። ከዚያ የእህቴ ሰርግ መጣ፣ ዝናቡም ገባ፣ ሁሉንም ተውኩት። አሁን ሐምሌ ላይ 84 ነኝ። ሜታቦሊዝሜ ተበላሽቷል መሰለኝ፣ ትንሽ ብበላም እወፍራለሁ። ጓደኛዬ 7 ቀን ውሃና ሎሚ ብቻ ጠጥቼ፣ ሰውነቴን አጽድቼ ከዜሮ እንድጀምር መክራኛለች። የማቅጠኛ ሻይም አግኝታልኛለች። የሦስት ወር የእርግዝና መከላከያ መርፌ እወስዳለሁ፣ ሌላ የማውቀው በሽታ የለብኝም። ከበፊቱ የጠበቀ ነገር ያስፈልገኛል?»

አያስፈልግዎትም። የበፊቱ ራሱ ከመጠን በላይ የጠበቀ ነበር፤ የወደቀውም በዚያ ምክንያት ነው። ዜሮ ላይም አይደሉም፤ ዜሮዎ 88 ነበር። አሁን 84 ከሆኑ ከመነሻ ክብደትዎ ከ4 ከመቶ በላይ እንደቀነሱ ነዎት። የደም ግፊትና የደም ስኳር መሻሻል የሚጀምረው ወደ 5 ከመቶ ሲደርስ ስለሆነ በእጅዎ የቀረው ጥቅም ትንሽ አይደለም። የውሃና ሎሚውን ሳምንት ይተዉት፣ ሻዩንም አይጠጡት። ምክንያቱን ወደ ታች እገልጻለሁ፤ መጀመሪያ ግን 5ቱ ኪሎ ከየት እንደመጣ እንመልከት፤ ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነውና።

ከ5ቱ ኪሎ ሁሉም ስብ አይደለም። እንጀራና ስኳር ለወራት ያቆመ ሰው መልሶ መብላት ሲጀምር ሰውነቱ በጉበትና በጡንቻ ውስጥ የሚያስቀምጠውን የስኳር ክምችት መልሶ ይሞላል፤ እያንዳንዱ ግራም ክምችት ደግሞ ወደ 3 ግራም ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ጨው ሲጨመርበትና አንጀት ውስጥ ያለው ምግብ ሲበዛ ከ1 እስከ 1.5 ኪሎ የሚሆነው በቀናት ውስጥ ይመለሳል። ስለዚህ በእርግጥ የተጨመረው ስብ 3.5 ወይም 4 ኪሎ ገደማ ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ በግምት 7,700 ካሎሪ ስለሚይዝ ጠቅላላው 30,000 ካሎሪ አካባቢ ይሆናል። ከፋሲካ እስከ ሐምሌ 90 ከዚያም የሚበልጡ ቀናት አሉ፤ ሲካፈል በቀን 300 ካሎሪ አካባቢ ይደርሳል።

ይህ ቁጥር ሰርጉን ነጻ ያወጣዋል። በሰርጉ ቀን ከሚያስፈልግዎ በላይ 2,500 ካሎሪ ቢበሉ እንኳ (ይህም ብዙ ነው) ከዚያ የሚቀረው ስብ ከ350 ግራም አይበልጥም። በማግስቱ ሚዛን ላይ 2 ኪሎ ጨምረው ቢያዩ እንኳ አብዛኛው ውሃ ነው። ያወፈረዎት ሰርጉ ሳይሆን ከሰርጉ በኋላ የመጡት 90 ተራ ቀናት ናቸው። በቀን 300 ካሎሪ ማለት አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሦስት ብርጭቆ ሻይ ላይ የሚገባው ስኳር ነው። በዓይን አይታይም፣ አጥግቦ እንኳ አያሳድርም።

ጊዜውም በአጋጣሚ የመጣ አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤ፣ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል የለም፤ ምግቡ ብዙ ጊዜ ከቀትር በኋላ ነው፤ ግብዣም ይጠፋል። ሥራውን በግማሽ የሠራልዎ ጾሙ ነው። ከፋሲካ በኋላ ያለው በዓለ ሃምሳ ደግሞ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት ጊዜ ነው። ሰርግ የሚበዛውም ያኔ ነው። ከጾም ላይ የተገነባ ዕቅድ ሁሉ የማብቂያ ቀኑ አስቀድሞ የተጻፈ ነው፤ ለእነዚያ 50 ቀናት ምን እንደሚበሉ አንድም መስመር ካልያዘ ፋሲካ ማታ ያልቃል። ስንፍና አይደለም። በነገራችን ላይ ጾም በራሱ ያቀጥናል ማለትም አይደለም፤ በጾም ወቅት ዘይት የበዛበት ሽሮ፣ ፓስታ፣ ሳምቡሳና ኦቾሎኒ እየበሉ የሚወፍሩ ብዙ ናቸው።

ሌላው ግማሽ ምክንያት እግርዎ ነው። 80 ኪሎ አካባቢ የሚመዝን ሰው በአንድ ሰዓት ፈጠን ያለ እርምጃ 5 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከመቀመጥ በላይ ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ያወጣል። በሳምንት 5 ቀን ይሄዱ ከነበረ እና ካቆሙ በቀን በአማካይ 150 ካሎሪ ገደማ ሳያወጡ ይቀራሉ። ከ300ው ግማሹ ይኸው ነው፤ ምንም ተጨማሪ ሳይበሉ ማለት ነው።

አሁን ስለ ሜታቦሊዝም። ተበላሽቷል የሚለው አባባል በጣም ተለምዷል፣ ስሕተትም ነው። የሚፍሊን ሴንት ዦር ቀመር በሚባለው ስሌት ብንሄድ፣ በእርስዎ ቁመትና ዕድሜ ሰውነትዎ ያለ ምንም እንቅስቃሴ 88 ኪሎ ሳሉ በቀን 1,560 አካባቢ ያቃጥል ነበር፤ 79 ሲገቡ 1,470 አካባቢ ሆነ። ቀለል ያለ አካል መሸከም የሚያስከፍለው ስለሚቀንስና ሰውነትም ትንሽ ስለሚቆጥብ የቀን ወጪው በጠቅላላ ከ150 እስከ 200 ካሎሪ ወርዷል ብንል ከእውነት አንርቅም። አንድ ተኩል ማንኪያ ዘይት ነው። አልተበላሸም፤ ግን 88 ኪሎ ሳሉ ይበሉት የነበረውን ምግብ 79 ላይ ሆነው መብላት አይችሉም፤ ይህን ማንም አስቀድሞ የነገረዎት አይመስለኝም።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው፦ ረሃቡ። ክብደት ሲቀንስ ከስብ የሚመነጨው ሌፕቲን የሚባለው የጥጋብ ሆርሞን ይወርዳል፤ ከጨጓራ የሚወጣው ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ይጨምራል። ይህ ለውጥ ክብደቱ ከቀነሰ ከዓመት በኋላም እንደሚቆይ በጥናት ታይቷል። ስለዚህ የቀነሰ ሰው ካልቀነሰ ሰው ይበልጥ ይርበዋል፤ ይህን ፈቃደ ደካማነት አድርገው አይቁጠሩት። ዕቅድዎ ረሃብን የሚያስታግስ ምግብ ካልያዘ በየትኛውም ወኔ አይዘልቅም። «ትንሽ ብበላም» ያሉትን ደግሞ እንደ ውሸት አላየውም፤ ግን አንድ የቢሮ ቀን እንቁጠር፦ ሦስት ሻይ በሦስት ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 180 ካሎሪ፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 130 ገደማ፤ ከሰዓት አንድ ቦምቦሊኖ ከ200 ያላነሰ፤ ከባልደረባ ሳህን ሁለት ጉርሻ። ምሳና እራት ሳይቆጠር ከ500 አለፍን። ማታ «ዛሬ ምን በላሽ?» ቢባል አንዱም አይታወስም፤ ማዕድ ላይ ስላልቀረበ። ከሥራ ወጥቶ የሚጠጣው የአቮካዶ ጁስ ሲሮፕ ከተደረገበት በአንድ ብርጭቆ 300 ካሎሪ ሊያልፍ ይችላል፤ ጤናማ ነው ተብሎ ስለሚጠጣ ደግሞ አይቆጠርም።

ወደ ሎሚውና ወደ ሻዩ እንመለስ። ጉበትና ኩላሊት ደም የሚያጸዱት ሎሚ ሳይጠብቁ ነው። በ7 ቀን ውሃ ብቻ ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሊወርድ ይችላል፤ አብዛኛው ግን ውሃና የስኳር ክምችት ነው፤ ጡንቻም አብሮ ይሄዳል። መብላት በጀመሩ በ4ኛው ቀን ግማሹ ይመለሳል፤ የሄደው ጡንቻ ግን በቶሎ አይመለስም። ድንገተኛ ቅነሳ የሐሞት ጠጠር፣ የግፊት መውረድና ራስ መሳት ሊያመጣ ይችላል። ከ5 ቀን በላይ ምንም ሳይበሉ ቆይቶ ድንገት ብዙ መብላት በደም ውስጥ ያሉትን ፖታሺየምና ፎስፌት የመሳሰሉ ማዕድናት አዛብቶ ልብን ሊያስቸግር ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ቅጣት መብላትን ያባብሳል። በ1975 እ.ኤ.አ. በታተመ አንድ ሙከራ ሰዎች ወፍራም የወተት መጠጥ ከጠጡ በኋላ የፈለጉትን ያህል አይስክሬም እንዲበሉ ተፈቀደላቸው። አመጋገባቸውን የማይቆጣጠሩት መጠጡን ስለጠጡ አይስክሬሙን ቀነሱ። አመጋገባቸውን ዘወትር የሚቆጣጠሩት ግን መጠጡን ከጠጡ በኋላ ካልጠጡት ይበልጥ በሉ፤ «አንዴ ተበላሽቷል» የሚለው ስሜት አለቃቸው። ሰኞ ከዜሮ መጀመር የሚባለው ነገር የዚሁ ተጓዳኝ ነው። ሰኞ የሚጀምር ሰው ሐሙስ፣ ዓርብ፣ ቅዳሜና እሑድ የመሰናበቻ ግብዣ ያደርጋል። አራት ቀን በ1,000 ካሎሪ ትርፍ ቢቆጠር ከግማሽ ኪሎ በላይ ስብ ነው፤ እርሱ ራሱ ከሰርጉ ይበልጣል።

የማቅጠኛ ሻይ አብዛኛው ውስጡ ሰናመኪ የተባለ የሚያስቀምጥ ቅጠል ነው፤ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። ከምግብ የሚገኘው ጉልበት ደግሞ ከዚያ በፊት ትንሹ አንጀት ላይ ተመጥጦ አልቋል። የሚወጣው ውሃና ፖታሺየም ብቻ ነው፤ ፖታሺየም ሲያንስ የልብ ምት ይዛባል፣ እግር ይቆረጥማል፣ ሲቆይም አንጀት ያለ ሻዩ እምቢ ይላል። ሌላም የባሰ አለ፦ በ2010 እ.ኤ.አ. በድንገተኛ የልብ ሕመምና በስትሮክ ስጋት ከአውሮፓና ከአሜሪካ ገበያ የወጣው ሲቡትራሚን የተባለ መድኃኒት «ከዕፅ የተሠራ» ተብለው በሚሸጡ የማቅጠኛ ምርቶች ውስጥ ተደብቆ በተደጋጋሚ ተገኝቷል። ጓደኛዎ ያገኘችው ፓኬት ላይ የይዘቱ ዝርዝርና አምራቹ በግልጽ ካልተጻፈ ለሌላም ሰው አይስጡት። ጫትም የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ እንደ ማቅጠኛ የሚይዙት አሉ፤ ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ማታ ሲለቅ የሚመጣው ረሃብ ደግሞ የተቆጠበውን ይመልሰዋል።

የምመክርዎ ይህን ነው፦ ሰኞን አይጠብቁ፤ ከሚቀጥለው ማዕድ ይጀምሩ፤ ለመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ለመቀነስ አይሞክሩ። ግቡ 84 ላይ መቆም ብቻ ነው። ይህን ስል የሚያንስባቸው ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን በሳምንት ወደ 300 ግራም እየጨመረ ያለ ሰው መጨመሩን ማቆሙ ራሱ የ300 ካሎሪ ለውጥ ነው፤ የመጀመሪያው ሥራም እርሱ ነው።

ከሚዛኑ እንጀምር። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ላይ ዛሬ፣ ሳምንት ደግሞ ፋርማሲ ውስጥ ከተመዘኑ ልዩነቱ ምንም አይነግርዎትም። የልጆቹ ሚዛን ያልተስተካከለ ድንጋይ ላይ ሲቀመጥ ብቻ አንድ ኪሎ ሊስት ይችላል፤ ጫማና ጃኬት ሌላ አንድ ኪሎ ነው፤ ጠዋትና ማታም ይለያያል። አንድ ሚዛን ይምረጡ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይሁን፣ ጠዋት ከሽንት በኋላ፣ ከቁርስ በፊት፣ በቀላል ልብስ ይመዘኑ። በሳምንት ሦስት ጠዋት መዝግበው አማካዩን ይያዙ፤ የአንዱን ቀን ቁጥር አይመኑ። የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት 1 እስከ 2 ኪሎ ውሃ መጨመር የተለመደ ነው፤ መርፌው ላይ ስላሉ አበባዎ ሊቀር ወይም ሊዛባ ስለሚችል የውሃውን መዋዠቅ ለመገመት ይከብድዎታል፤ ስለዚህ በልብስ ሰፊ ሜትር ወገብዎን በእምብርት ልክ፣ ትንፋሽ ካወጡ በኋላ በየ2 ሳምንቱ ይለኩ። ለሴት ከ80 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ለስኳርና ለልብ በሽታ ስጋት መጨመር እንደ ምልክት ይወሰዳል።

እንጀራውን ይመልሱት። ሙሉ በሙሉ መከልከልዎ ነው ፋሲካ ማታ ግድቡን ያፈረሰው። 300 ግራም የሚመዝን አንድ እንጀራ ከ420 እስከ 480 ካሎሪ ይይዛል፤ ለምሳ ግማሽ፣ ለእራት ግማሽ ቢያደርጉ በቂ ነው። ችግሩ መጠኑን መጠበቅ ላይ ነው፤ ትሪ ከበው ሲበሉ ምን ያህል እንደበሉ ማንም አያውቅም። ከቤተሰብ ሳይለዩ መጠኑን ለማወቅ የራስዎን ግማሽ እንጀራ ጠቅልለው በሳህን ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ ከትሪው ላይ ወጡን በእርሱ ይብሉ፤ ሲያልቅ አለቀ። ወጥ ጠጥቶ ትሪው ላይ የሚቀረው ፍትፍት ከሁሉም የበለጠ ዘይት የያዘው ክፍል ነው፤ እርሱን ለሌላ ይተዉት።

ዘይቱ ላይ በጣም ይጨክኑ፤ እዚህ ላይ ነው ብዙው ያለው። ዕለቱን ከመቁጠር ጀሪካኑን መቁጠር ይቀላል፦ ባለ 5 ሊትር ሲከፈት ቀኑን በእስክሪብቶ ይጻፉበት። ለአራት ሰው ቤተሰብ በ5 ሳምንት ካለቀ እያንዳንዱ ሰው በቀን ወደ 300 ካሎሪ ከዘይት ብቻ እየበላ ነው ማለት ነው፤ 7 ሳምንት ተኩል ከቆየ ወደ 200 ይወርዳል። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ በሚል ውሃ አቁላልተው ውሃው ከመጠጠ በኋላ ዘይቱን በሾርባ ማንኪያ ለክተው ይጨምሩ። በሲኒ የሚለኩ ከሆነ ሲኒዎ ስንት ማንኪያ እንደሚይዝ አንዴ በውሃ ይሞክሩት፤ ብዙው 4 ማንኪያ ይይዛል፣ እርሱም 480 ካሎሪ ነው። ንጥር ቅቤ ከዘይት አይሻልም፤ ማንኪያው ከ110 እስከ 120 ካሎሪ ነው። ዶሮ ወጥ ላይ የሚንሳፈፈውን ቅቤ ወጡ ሲቀዘቅዝ በማንኪያ ገፍፎ ማንሳት ይቻላል፤ ጣዕሙን አይጎዳም።

ረሃቡን የሚይዘው ፕሮቲንና ቃጫ ያለው ምግብ ነው። በቀን 80 ግራም ፕሮቲን ያስቡ፤ በሦስት ማዕድ ሲካፈል 25 ገደማ ነው። ሁለት እንቁላል 12 ግራም፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም ይሰጣል። ሐዋሳ መኖርዎ እዚህ ላይ ይጠቅምዎታል፦ 150 ግራም የበሰለ የቆሮሶ አሳ ሥጋ ከ35 ግራም በላይ ፕሮቲን በ200 ካሎሪ ይሰጣል፤ ከበሬ ጥብስ ጋር አይወዳደርም። ግን በአሞራ ገደል የአሳ ገበያ ዘይት ውስጥ ተጠልቆ የወጣው ሙሉ ጥብስ እና የአሳ ሾርባ ወይም ጉላሽ አንድ አይደሉም፤ ጥብሱን ከበሉ ቆዳውንና ቅርፊቱን ያስቀሩ። ፊሌቶ ገዝተው ቤት በአንድ ማንኪያ ዘይት፣ በሽንኩርትና በቃሪያ መሥራት ይሻላል። ቆጮ ከእንጀራ ያነሰ ፕሮቲን አለው፤ ስታርች ብቻ ነው ማለት ይቻላል። በጎመንና በአይብ ከሆነ ጥሩ ማዕድ ነው፤ ቡርሳሜ የሚባለው በቅቤ የራሰ የቆጮ ምግብ ግን የበዓል ምግብ ይሁን። ስኳሩን በአንድ ቀን ከሦስት ወደ ዜሮ አያውርዱት፤ በዚህ ሳምንት ሁለት፣ በሚቀጥለው አንድ፤ ምላስ በሦስት ሳምንት ይለምዳል።

እርምጃውን ካቆሙበት አይቀጥሉት። 3 ወር ያረፈ ጉልበትና ቁርጭምጭሚት 84 ኪሎ ይዞ በመጀመሪያው ቀን አንድ ሰዓት ቢሄድ ወይም ታቦር ተራራ ቢወጣ (ጉልበትን ይበልጥ የሚጎዳው መውረዱ ነው) በ5ኛው ቀን ያመዋል፣ ሁለተኛው ማቆም ይመጣል። በሳምንት 5 ቀን 20 ደቂቃ ይጀምሩ፤ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከ2 ወር በኋላ 1 ሰዓት ይደርሳሉ። ሐምሌና ነሐሴ ጠዋት ሊዘንብ ስለሚችል ከሐይቁ ጋር የተሳሰረ ዕቅድ አይያዙ፤ ከሥራ ሲመለሱ ከባጃጁ 2 ኪሎ ሜትር ቀድመው መውረድ 25 ደቂቃ ይሆናል፣ ዝናብ ሲያባራ የሚጠበቅ ነገርም አይደለም። ሐይቁ ዳር ከሄዱ ሳይነጋና ከመሸ በኋላ ጉማሬ ለግጦሽ ስለሚወጣ ሳሩና ቄጤማው ውስጥ አይግቡ። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር እጅ ሳይነኩ 10 ጊዜ መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ 10 ጊዜ መግፋት፣ ሁለቱንም ሁለት ዙር ይሥሩ፤ ጡንቻ እንዳይሄድ የሚይዘው ይህ ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ አማካዩ ከ84 ካላለፈ፣ መቀነስ ይጀምሩ። በእርስዎ መጠን ያለ፣ ወንበር ላይ የሚውል ሰው በቀን 2,100 ገደማ ያወጣል፤ 1,650 አካባቢ መብላት በሳምንት 400 ግራም ይቀንሳል። የመጀመሪያው ሳምንት 1 ኪሎ ተኩል ቢወርድ ውሃ ነው፤ ሦስተኛው ሳምንት ምንም ባይወርድም ሊሆን የሚችል ነው። 5ቱ ኪሎ 12 ሳምንት ይፈልጋሉ፣ ጥቅምት መጨረሻ ማለት ነው። 4 ሳምንት ሙሉ አማካዩም ወገቡም ካልተነቃነቀ ያን ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ መጀመሪያ የዘይቱን ጀሪካን ይዩ። ከ1,200 በታች ያለ ሐኪም ክትትል አይውረዱ።

በመካከሉ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 አለ። ጾሙን ይጹሙ፣ ግን እንደ ማቅጠኛ አይቁጠሩት፤ ከሚፈሰክበት ቀን ጀምሮ የሚበሉትን ከአሁኑ ይወስኑ። ፕሮቲኑን ከምስር፣ ከሽምብራ፣ ከባቄላና ከሽሮ ያግኙት፤ አሳ በጾም የሚበሉም የማይበሉም አሉ፣ እርሱን ለንስሐ አባትዎ እተዋለሁ። እንቁጣጣሽና መስከረም 17 መስቀል ይመጣሉ። በበዓሉ ቀን ደስ ብሎዎት ይብሉ፣ በዋዜማው አይራቡለት፣ በማግስቱም አይቀጡ፤ የማግስቱ ቁርስ የተለመደው ቁርስ ይሁን። የሚያወፍረው ከበዓሉ የተረፈውና ሳምንት ሙሉ የሚሞቀው ወጥ ስለሆነ በማግስቱ ከፋፍለው ለጎረቤት ይላኩ ወይም ፍሪዘር ያስገቡ። ድንገት ሦስት ቀን ቢስቱ የሳቱትን አይክፈሉ፤ ከአራተኛው ቀን ይቀጥሉ። 79 ሲገቡም ቀይ መስመር ይኑርዎ፦ የሳምንቱ አማካይ 81 ካለፈ ለ2 ሳምንት ወደ ዕቅዱ ይመለሱ። 5 ኪሎ ሲሆን ሳይሆን 2 ኪሎ ሲሆን መመለስ ነው ልዩነቱ።

ሴማግሉታይድ የሚባለው መርፌ ብዙ ስለሚወራለት አንድ ነገር ልበል። ይሠራል፤ ነገር ግን ሲቋረጥ በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሰው ሁለት ሦስተኛው ገደማ እንደሚመለስ ታይቷል። ሳይከፈት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ አለበት፤ በመንገደኛ ሻንጣ የመጣ ብልቃጥ ምን ላይ እንደዋለ ማወቅ አይቻልም። በእርስዎ ሁኔታ አሁን አልመክረውም።

ይህ ሁሉ ነፍሰ ጡርና የሚያጠቡ እናቶችን አይመለከትም። ግሊበንክላማይድ ወይም ኢንሱሊን የሚወስድ የስኳር ሕመምተኛ ምግብ ከመቀነሱ በፊት የመድኃኒቱን መጠን ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል፤ ስኳሩ ወርዶ ራሱን ሊስት ይችላል። የግፊት መድኃኒት የሚወስድም ኪሎ ሲቀንስ ሲነሳ የሚያዞረው ከሆነ ይለካ። በልቶ የማስመለስ ወይም ተደብቆ ብዙ የመብላት ልማድ ያለበት ሰው ደግሞ ዕቅድ ሳይሆን የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልገዋል።

ለእርስዎ የቀረው መርፌው ነው። የሦስት ወር መርፌ ሁሉንም አያወፍርም፤ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ከክብደታቸው ከ5 ከመቶ በላይ የጨመሩ ሴቶች ግን ወደፊትም የመጨመር ዕድላቸው ሰፊ ነው። መቼ እንደጀመሩትና ያን ጊዜ ስንት ኪሎ እንደነበሩ አልጻፉልኝም፤ ወሳኙ እርሱ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ይዘው ቀጣዩ ቀጠሮ ከመድረሱ 2 ሳምንት ቀድመው በአቅራቢያዎ ያለ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ሉፕ (ማሕፀን ውስጥ የሚቀመጥ መከላከያ) ይስማማዎት እንደሆነ ይጠይቁ፤ ሌላው ሳይተካ መርፌውን አይዝለሉ። በዚያው ቀን ግፊትና በባዶ ሆድ የደም ስኳር ይለኩ። ብርድ የማይችሉ፣ ሆድ የሚደርቅዎ፣ ድካም የሚጫጫንዎ ከሆነ የታይሮይድ ምርመራም ይጨምሩበት፤ ምልክቱ ከሌለ ገንዘብዎን አያውጡ።